አንድ ስድስተኛ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኡሙሀኒ፣

የማሻ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን። በየነች ጉልበቷን ያማታል፤ እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምንም ሳያመኝ ሥራ ፈትቼ ቁጭ ብያለሁ። ጥምቀትም በሰላም አለፈ። በየነች «ያቺ ቀጭን ተማሪህ አገባች ወይ?» ብላ እንድጠይቅሽ አዝዛኛለች። እኔ ግን አልጠየቅኩሽም፤ እሷ ናት የጠየቀችሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሹፌሩ ሲላስ ቴፒ ላይ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ፖስታውን ጭቃ ሳይነካው በእጄ አስረክቦኛል። ስለዚህ የዘገየው መንገዱ ሳይሆን እኔ ነኝ። ስልክ ስትደውዪም አላነሣሁም። ጆሮዬ ደክሟል ብዬ ላሳብብ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ምንም አልሆነ። አንዳንድ ነገር በወረቀት ይሻላል፤ ሰው ቢያንስ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ስለተሰጠሽ ደስ ብሎኛል። ከአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል መውጣትሽ የሚገባሽ ነው። አዲሱ መጽሐፍ እስኪደርስሽ በእኔ ደብተር ማስተማርሽም ያኮራኛል። ስለ ተደጋጋሚ አስርዮሽ ለጠየቅሽኝ፣ በደብተሩ ላይ ያለው ሕግ በ1985 ክረምት ጅማ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄጄ የገለበጥኩት ነው። 0.333… ሲሆን ሦስት በዘጠኝ። 0.4545… ሲሆን አርባ አምስት በዘጠና ዘጠኝ። ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ቁጥር ላዕል አድርጊ፣ በቁጥሩ ልክ ዘጠኝ ደርድረሽ ታህት አድርጊ፣ አለቀ። ልክ ነው፤ አካፍለሽ እዪው።

የቀረውን ጥያቄሽን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ ዓይኔ ደከመ። በየነች ሰላም ብላሻለች።

መምህርሽ ጌታሁን

ማሻ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለጋሽ ጌታሁን፣

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለእትዬ በየነች አላገባሁም ይበሏቸው፤ ደግሞም ለጉልበታቸው ቅባት ልኬያለሁ፣ ከሲላስ ይቀበሉ። ዓይንዎ ደከመ ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። ከዚያ የእጅ ጽሑፍዎን ሳየው ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው አንድ ፊደል አልተዛነፈም። እንዲህ ብዬ ስለተናገርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብሶብኝ ነው።

ጋሼ፣ ምሳሌዎቹን የመረጡት እርስዎ ነዎት። እኔ የጠየቅኩዎት ስለ 0.58333… ነበር።

ያኔ ያልጻፍኩልዎትን ዛሬ ልጻፍ። መክሊት የምትባል ተማሪ አለችኝ። ከገጠር መጥታ፣ ቁርስ ቤት ከምትሠራው ከእህቷ ከካሰች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ታኅሣሥ ላይ በሰጠሁት ፈተና 0.58333…ን ወደ ክፍልፋይ ለውጡ ብዬ ነበር። ክፍሉ በሙሉ በደብተሩ ሕግ መሠረት 583/999 ብሎ ጻፈ። መክሊት ብቻ 7/12 አለች። ኤክስ አደረግኩባት።

ወረቀት ስመልስ ተነሥታ መጣች፣ ሳታስፈቅደኝ ጠመኔ ይዛ 583ን ለ999 ማካፈል ጀመረች። 0.583583… እያለ ሄደ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የኛ ቁጥር አይደለም» አለች። ክፍሉ መንጫጫት ጀመረ። «ቁጭ በይ» አልኳት። «ቆይ ልጨርሰው» አለችኝ። በንቀት አልነበረም፤ አሁን ሳስበው በንቀት አልነበረም። እኔ ግን «አንቺ ከአስተማሪሽ ትበልጫለሽ?» ብዬ ጠመኔውን ከእጇ ነጠቅኳት። ወላጅ ይዛ እስክትመጣ እንዳትገባ ጻፍኩባት፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ፈረሙበት።

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እኔም አካፈልኩ። ቀጥሎ ከባሕር ዳር የመጣ የፊዚክስ መምህራችን እንድርያስ እንዲህ እያለ አሳየኝ። ቁጥሩን አንድ ጊዜ በሺህ አባዢው፣ 583.333… ይሆናል። አንድ ጊዜ በመቶ አባዢው፣ 58.333… ይሆናል። ትንሹን ከትልቁ ቀንሺ። ሦስቶቹ ተጣፍተው ይሄዱና 525 ይቀራል፣ ከታች ደግሞ 900። ሲቃለል 7/12። የማይደጋገመው ቁጥር ካለ ከታች ዘጠኝ ብቻ አይሆንም፣ ዜሮም ይከተላል ማለት ነው። በደብተሩ ላይ ስለ ዜሮ አንድ ቃል የለም።

መክሊት እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ክልላዊ ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በዚህ ገጽ ላይ ልጽፈው ስላልደፈርኩ በተለየች ወረቀት አጥፌ አስገብቼዋለሁ። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ተማሪዎ ኡሙሀኒ

ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኡሙሀኒ፣

በተለየችው ወረቀት ለጻፍሽው መልሱ፦ አዎ። ሕጉ ጎደሎ መሆኑን አውቅ ነበር።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ሃያ ቀን ገደማ ፈጀብኝ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ ሦስቱም በሰላምታ ሞልተው ነበር። አሁን ሳልዘባርቅ ልንገርሽ፣ አታቋርጪኝ። እስከ ዛሬ አቋርጠሽኝም አታውቂ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ነው፣ በ2002። አባትሽ አቶ አባፎጊ ካረፉ ሁለት ወር ቢሆን ነው። በፈተናው ላይ 0.1666… የሚል ቁጥር ነበር፤ በሕጌ መልሱ 16/99 ነው። አንቺ 1/6 ብለሽ ጻፍሽ። ሰሌዳ አጠገብ አቁሜ «ከየት አመጣሽው?» አልኩሽ። «የአያቴ ድርሻ ነው» አልሽኝ። የአባትሽ የቡና መሬት ለወራሾች ሲደለደል ሼኹ ለአባትሽ እናት ከስድስት አንድ ብለው፣ አጎትሽ በካልኩሌተር አንድን ለስድስት ሲያካፍል 0.1666666 ወጥቶ አይተሻል። ቁጥሩን የምታውቂው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ተናገርሽ፣ ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እኔ ምን አልኩ? «እዚህ ሒሳብ ነው የምንማረው፣ የሟች ንብረት አንካፈልም» አልኩ። ስልሳ ሦስት ልጅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠመኔውን ሰጠሁሽና 16/99 ብለሽ እንድትጽፊ አዘዝኩሽ፤ ጻፍሽ።

ምሳ ሰዓት ቤቴ ሄጄ 16ን ለ99 አካፈልኩ። ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። 0.1616… ሆነ። በየነች ምሳ አቅርባ «ምን ሆነህ ነው የማትበላው?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ከሰዓት በኋላ እናንተ ክፍል ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ መጣሁ። ገባሁ። አንቺ ሻሽሽን ወደ ግንባርሽ ስበሽ ቁጭ ብለሻል። ስለ ማዕዘን አስተማርኩና ወጣሁ።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ሳምንቱ ሲሞላ ደግሞ አሁን ብናገር «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይሉኛል አልኩ። ሰው እንዲህ ነው የሚያፍረው ልጄ፤ በመጀመሪያ በጥፋቱ ያፍራል፣ ቀጥሎ በመዘግየቱ ያፍራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሕጉ ለምን ጎደሎ ሆነ ብትዪ፣ የጅማው ሥልጠና የመጨረሻ ቀን ከሰዓት የሚዛን አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጥዬ ወጥቻለሁ። እንድርያስ ያሳየሽን በዚያ ከሰዓት አስተምረውት ይሆናል። አላውቅም። የማውቀው ከአንቺ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንደዚያ ያለ ቁጥር ፈተና ውስጥ አንድ ቀን አለማስገባቴን ነው። 0.333… አስገባለሁ፤ 0.4545… አስገባለሁ። ተማሪዎቼ ደፍነው ያመጡታል፣ ጎበዝ አስተማሪ ይሉኛል።

ደብተሩን ሥራ ስትይዢ የሰጠሁሽ ጊዜ ያንን ገጽ በወረቀት ልሸፍነው ሙጫ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ግን «ይሄ የተለጠፈው ምንድን ነው?» ብትዪኝስ? እንዳለ ሰጠሁሽ። ስምንተኛ ክፍል እስኪደርሳት ትረሳዋለች ወይም ራሷ ታርመዋለች አልኩ። ከእኔ የተረፈውን ነውር አንቺ ልጅ ላይ ታወጪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።

ያንን ቀን ረስተሽው ይሆናል። ረስተሽው ከሆነ ደግሜ አስታወስኩሽ፤ ለሱም ይቅር በይኝ። በልጅነትሽ ይቅር በይኝ፣ በአባትሽም ይቅር በይኝ።

ጌታሁን

ማሻ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህር ጌታሁን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ረስተሽው ይሆናል ያሉትን ቀን አልረሳሁትም። ስለ እሱ ግን ዛሬ አልጽፍም፤ ጾም ላይ ነኝ፣ እርስዎም ጾም ላይ ነዎት፣ ዘንድሮ በአንድ ቀን ነው የገባልን። በጾም አፌ ክፉ ቃል ማውጣት አልፈልግም።

ስለ መክሊት ግን እጽፋለሁ፤ የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ካሰች የምትሠራበት ቁርስ ቤት ሄጄ ነበር። እህትሽ ለምን ቀረች ስላት አቀርቅራ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። «ወላጅ አምጪ ተባለች፣ ከየት ታምጣ?» አለችኝ። እናትና አባታቸው ሞተዋል። እኔ የክፍሏ ኃላፊ ነኝ፣ ስሟን በየቀኑ እጠራለሁ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ካሰች ራሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልትፈርም መጥታ ምክትሉ «አንቺ ራስሽ ልጅ ነሽ» ብለው መልሰዋታል። መክሊት አሁን ከእህቷ ጋር ድንች ትልጣለች። እኔን ስታይ ወደ ጓዳ ገባች።

የክልላዊ ፈተና ምዝገባ መጋቢት 30 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ካልተመለሰች ዓመቱ ሄደ፤ ካሰች እንደምትለው ልጅቷ ዓመቱ ከሄደ በሌላ ዓመት አትመለስም፣ በበቃ በሚባለው የቡና እርሻ ላይ ሥራ አግኝታላታለች።

«ታዲያ ለምን ተሳስቼ ነው ብለሽ እገዳውን አታነሺላትም?» ሳይሉኝ አይቀሩም። ያላነሣሁበት ምክንያት አለ። የዚያን ዕለት ምክትሉ ቢሮ ስገባ ስለ ቁጥሩ አላወራሁም። «ሰደበችኝ» ነው ያልኩት። አልሰደበችኝም። ቃሌ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ፊርማዬ ከሥሩ አለ። ማታ ላይ እንድርያስ ትክክለኛውን ሲያሳየኝም ልጅቷን አስወጥቼ መምጣቴን አልነገርኩትም። ራሴን ነቀነቅኩለት፣ አመሰገንኩት።

ኡሙሀኒ

ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኡሙሀኒ፣

ስለ እኔ አለመጻፍሽን እንደ ቅጣት ተቀብዬዋለሁ፤ ልጄ ብዬ መጥራቴንም ከከለከልሽኝ እተወዋለሁ። ስለ መክሊት ግን መላ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እኔ እመጣለሁ። በሲላስ መኪና ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ማሻ፣ አንድ ቀን ነው። የልጅቷ አጎት ነኝ እላለሁ። ሽበቴን አይቶ የሚጠራጠረኝ የለም፤ ኮቴን እለብሳለሁ፣ ምርኩዜን እይዛለሁ፣ ሽማግሌ መሆን የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ምክትሉ ፊት ቆሜ «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ማሩልኝ» ብዬ እፈርማለሁ። አንቺም «ምሬያታለሁ» ትያለሽ። ትመለሳለች፣ ትመዘገባለች። ሕጉን ደግሞ ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ አሳዪያት፤ ለሌሎቹ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደ አዲስ ትምህርት አድርገሽ አስተምሪ። ማንም አያነሣውም። ያንን ገጽ ቀድደሽ ጣዪው።

ገና ወጣት ነሽ። የሀሰት ክስ መዝገብሽ ላይ ከሰፈረ ዕድሜ ልክሽን ይከተልሻል፣ በዚያ ላይ ሴት አስተማሪ፣ በዚያ ላይ የሒሳብ። የትምህርት ቤት ሰው አውቃለሁ። እኔ ለሠራሁት ጥፋት አንቺ ለምን ትከፍያለሽ? ለአንቺ ይህችን እንኳ ካላደረግኩ ምን ልሆንሽ ነው?

በየነች ሁሉንም አውቃለች። ራሴን አሞኛል ያልኳትን ምሳ ጭምር ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «ሂድና ለልጅቷ ሁንላት» አለችኝ።

መቼ ልምጣ? በሲላስ መልሺልኝ።

ጌታሁን

ማሻ፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ጌታሁን፣

ለእርስዎም ለእትዬ በየነችም ሰላምታዬ ይድረስ። ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? «አይምጡ» ብዬ በሲላስ የላክሁት ቃል በጣም አጭር ስለነበረ ሳይከፋዎት አልቀረም። ወረቀት ለመፈለግ እንኳ ጊዜ ስላጣሁ ነው፤ አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ።

ያሰቡት ለእኔ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፤ እፎይ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ቀኑንም ቆጥሬ ነበር፣ ማክሰኞ ይምጡ ልልዎ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን «ማሩልኝ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ምን አድርጋ ነው የምትማረው? እርስዎ ከፈረሙ መክሊት ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ተጠየቀላት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይቅር ባይ ተብዬ እቀመጣለሁ። ከዚያ እንደ እርስዎ 0.333… እያስገባሁ ጡረታዬን እጠብቃለሁ። ይህን የጻፍኩት ላስከፋዎ አይደለም፤ ራሴን ሳየው ስላስፈራኝ ነው።

ማግስቱን ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። አልሰደበችኝም፣ ዋሽቼ ነው ብዬ በጽሑፍ አስገባሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ስምንተኛ ክፍልን ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚነጥቁኝም ነግረውኛል። ምክትሉ በበረንዳ ሲያልፉኝ ሰላምታ አይሰጡኝም። አፍሬያለሁ ጋሼ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ግን እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልወሰደኝም ነበር።

መክሊት ተመዝግባለች። ባለፈው ሐሙስ ገባች። ሰሌዳው ላይ 0.58333…ን ጽፌ የክፍሉን ልጆች በሙሉ «ኤክስ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ ጠመኔውን የነጠቅኳትም ዋሽቼ ያስቀጣኋትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከኋላ ወንበር ዳንኤል የሚባለው እጁን አውጥቶ «ታዲያ የኛ ማርክ ይቀነሳል ወይ?» አለኝ። አይቀነስም አልኩት። ደስ አላቸው። መክሊት ግን ቀና ብላም አላየችኝ፤ ደብተሯን አውጥታ ቀኑን ጻፈች።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ይቅር በይኝ ብለውኛል። በእኔ ብቻ ስቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ መስመር ላይ ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ እጽፍ ነበር። አልዋሽዎትም፣ አልቻልኩም። አባቴ ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር፤ ስሙን ሰው ፊት ያነሣሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ጊዜ ይስጡኝ። ለዒድ ቤተሰብ ለማየት ሚዛን እመጣለሁ፤ ለእትዬ በየነች ብዬ ቤታችሁ እገባለሁ፣ እርስዎም ይኑሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ ላልፍ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጋ በገባሁ ዕለት ከዚያ በቀጥታ ወደ ቁርስ ቤቱ ሄድኩ። መክሊት ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ መሬት ተቀመጥኩ። ልክ ነበርሽ አልኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። መላጧን አላቆመችም። ሌላ ድንች አንሥታ «ቲቸር፣ እውነት አያውቁትም ነበር?» አለችኝ።

የአንድ ስድስተኛን ነገር ነገርኳት፤ የአያቴን ድርሻ፣ የአጎቴን ካልኩሌተር፣ ሁሉንም። «በአንቺ ዕድሜ አውቀው ነበር» አልኳት። «ሲሳቅብኝ ነው ማወቄን የተውኩት።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እኔ ግን አልተውኩትም» አለች።

ኡሙሀኒ አባፎጊ